ለአንድ ልጅ 34 ሰከንድ

የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ናት። በቀደም ማታ የአማርኛ መጽሐፏን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለችና ማንበብ ጀመረች። ጥርት ባለ ድምፅ፣ ምንም ሳትደናቀፍ፣ አንድ ገጽ ጨረሰች። ደስ አለኝ። ጎሽ ልላት ስል ዓይኔ ጣቷ ላይ አረፈ። ጣቷ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፤ አፏ ግን አራተኛው መስመር ደርሷል። ከዚያው ገጽ አንድ ቃል መርጬ «እስቲ ይቺን አንብቢልኝ» አልኳት። ዝም አለች። ሌላ ቃል አሳየኋት። እሱንም አልቻለችም። ገጹን ሸምድዳዋለች እንጂ አላነበበችውም።

እናቷ ደነገጠች። «ልጄ ሰነፍ ናት እንዴ?» አለችኝ። ሰነፍስ አይደለችም። ሙሉ ገጽ በጆሮዋ ብቻ ሰምታ የያዘች ልጅ እንዴት ሰነፍ ትባላለች? በማግስቱ ጠዋት ከእናቷ ጋር ወደ ትምህርት ቤቷ ሄድን። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ክፍሉ ውስጥ 70 ልጅ አለ። በሦስት ሰው ዴስክ ላይ አራት አራት ሆነው ተጣበው ተቀምጠዋል። መምህርቷ ሰሌዳው ፊት ቆማ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፤ ልጆቹ ተቀብለው በኅብረት ይላሉ። የእኛዋ ከኋላ ጥግ ላይ ናት። አፏ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይንቀሳቀሳል። ከፊት ሆኖ ለሚያይ ሰው ሰባዎቹም እያነበቡ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። የክፍል ተማሪ ብዛት የልጆችን ውጤት በእርግጥ ምን ያህል ይነካል? ሁላችንም «ቁጥሩ ይቀነስ» እንላለን። ቀንሰው ያዩ አገሮች አሉ። ያገኙት ውጤት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ለምን እንደተለያየ ማወቅ ለእኛ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ቀላሏን ሒሳብ እንሥራ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው እንበል። 2,400 ሰከንድ ማለት ነው። መምህርቷ ስም ሳትጠራ፣ ሰሌዳ ሳታጠፋ፣ «ዝም በሉ» ሳትል ጊዜዋን በሙሉ ለልጆቹ ብታካፍል፣ ለ70 ልጅ የሚደርሰው 34 ሰከንድ ነው። ለ35 ልጅ ቢሆን 68 ሰከንድ። ደብተር ማረምም እንደዚያው ነው። ለአንድ ደብተር ሁለት ደቂቃ ብትሰጥ 70 ደብተር 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ያውም ለአንድ ትምህርት። ስለዚህ ምን ታደርጋለች? መልሱን ሰሌዳ ላይ ትጽፍና ልጆቹ ራሳቸው እንዲያርሙ ታደርጋለች። ወይ ቀይ «ራይት» አድርጋ ታልፋለች። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው የማደርግ ይመስለኛል።

ይሄ የደቂቃ እጥረት ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ንባብ የሚጀምሩትን ልጆች ነው። ፊደላችንን አስቡት። 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ናቸው። ልጅቷ «ሊ»ን ከ«ሌ»፣ «ሩ»ን ከ«ሪ» የምትለየው በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው። «ሊ» የሚለውን «ሌ» ብላ ብታነብ ያኔውኑ የሚያርማት ሰው ያስፈልጋታል። በኅብረት ሲባል ግን የአንዷ ስህተት በስልሳ ዘጠኙ ድምፅ ይዋጣል። መምህርቷ አትሰማትም። ልጅቷም መሳሳቷን አታውቅም። አምስተኛ ወይ ስድስተኛ ክፍል ደርሳ የሳይንስ መጽሐፍ ማንበብ ሲያቅታት ነው የሚታወቀው። ያኔ ደግሞ «ሳይንስ አይገባትም» ይባላል።

ወደ ጥናቶቹ ከመሄዴ በፊት አንድ የሚምታታ ነገር ላጥራ። ስለ ክፍል ብዛት ሲወራ ሁለት ቁጥሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው የመምህር ተማሪ ጥምርታ ነው። ሌላኛው የክፍል ተማሪ ጥምርታ ነው። 1,400 ተማሪ፣ 40 መምህራንና 20 መማሪያ ክፍሎች ያሉት ትምህርት ቤት እናስብ። ተማሪውን ለመምህራኑ ካካፈልነው 35 ይመጣል። ለክፍሎቹ ካካፈልነው 70። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሪፖርት ላይ «1ለ35» ተብሎ ሲጻፍ የዋሸ ሰው የለም። ልጁ ግን አብረውት ከተቀመጡ 69 ልጆች ጋር ነው የሚማረው። በአገራችን ለመጀመሪያ ደረጃ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር ሲነገራችሁ «የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፈረቃ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ያው ትምህርት ቤት ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ከሰዓት ቢያስተምር፣ 20ዎቹ ክፍሎች ሁለቴ ይሠራሉና በአንድ ክፍል 35 ልጅ ብቻ ይሆናል። ብዙ ወላጅ ፈረቃን አይወድም። እውነት አለው፤ ልጁ ግማሽ ቀን መንገድ ላይ ወይም ቤት ብቻውን ይውላል። ሒሳቡ ግን ያስገርማል። ሙሉ ቀን 6 ክፍለ ጊዜ በ70 ልጅ ከሆነ፣ ለአንድ ልጅ በቀን የሚደርሰው የመምህር ጊዜ 3 ደቂቃ ተኩል አይሞላም። በፈረቃ 4 ክፍለ ጊዜ በ35 ልጅ ከሆነ ግን ከ4 ደቂቃ ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ልጅቷ ክፍል ውስጥ የምትቆይበት ሰዓት በአንድ ሦስተኛ ቀንሶ፣ መምህርቷ እሷን የምታይበት ጊዜ ግን ጨመረ። ፈረቃ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ታሪክ፣ መዝሙር፣ ስፖርት፣ ጨዋታ፣ ሁሉም ጊዜ ይፈልጋሉ። ነገር ግን «ሙሉ ቀን» የሚለው ቃል ብቻውን ልጄ የበለጠ ተማረች ማለት እንዳልሆነ እወቁልኝ።

አሁን ወደ ጥናቶቹ። ትላልቅና ትናንሽ ክፍሎችን ዝም ብሎ ማወዳደር ለምን አይበቃም? ስለሚያሳስት ነው። ጥሩ ነው የተባለ ትምህርት ቤት ሁሉም ልጁን ለማስገባት ይሯሯጣል፤ ስለዚህ ይጨናነቃል። ገጠር ውስጥ ደግሞ ልጆች እያቋረጡ ስለሚሄዱ ከፍ ያሉት ክፍሎች ይሳሳሉ። ሁለቱን ካወዳደርን የተጨናነቀው ክፍል ይበልጣል። ታዲያ መጨናነቅ ጠቀመ እንበል? በዚህ ምክንያት አጥኚዎች ዕጣ ማውጣት ይመርጣሉ። ማን ትንሽ ክፍል፣ ማን ትልቅ ክፍል እንደሚገባ ዕጣው ይወስናል። ያኔ በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት የብዛቱ ነው ለማለት ይቻላል።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት የተደረገው ነው። ከ1985 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. በ79 ትምህርት ቤቶች፣ ከ11 ሺህ በላይ ልጆች ተሳትፈውበታል። ከአፀደ ሕፃናት እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። አንዳንዶቹ ከ13 እስከ 17 ልጅ ባለበት ትንሽ ክፍል ገቡ። ሌሎቹ ከ22 እስከ 25 ልጅ ባለበት መደበኛ ክፍል ገቡ። የቀሩት በዚያው መደበኛ ክፍል ሆነው ለመምህሩ ረዳት ተጨመረላቸው። መምህራኑም ጭምር በዕጣ ነው የተመደቡት።

ትናንሾቹ ክፍሎች በንባብም በሒሳብም በለጡ። ከአራት ዓመት በኋላ ልዩነቱ የሦስት ወር ያህል ተጨማሪ ትምህርት ከመማር ጋር እኩል ነበር። በተለይ የተጠቀሙት የድሃ ልጆችና ጥቁር ተማሪዎች ናቸው። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ቤት ውስጥ የሚያስነብብ ሰው የሌለው ልጅ ያለችው መምህርቷ ብቻ ናት። ረዳት የተጨመረላቸው ክፍሎች ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ይሄን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ይህን ውጤት ሲሰሙ ብዙ ሰዎች «በቃ፣ ተረጋገጠ» ይላሉ። እኔ ግን ሁለት ነገር አስተውሉ እላለሁ። እነሱ ትልቅ ያሉት ክፍል 25 ልጅ ነው። የእኛ 70 ወደ 50 ቢወርድ ያው ውጤት ይመጣል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ሁለተኛው ደግሞ እዚያ መምህራኑ ቀድሞውኑ የሠለጠኑ ነበሩ፤ ክፍሉም መጽሐፉም ተሟልቷል።

መምህር ሳይዘጋጅ ቁጥር ብቻ ሲቀነስ ምን እንደሚሆን ደግሞ ካሊፎርኒያ አሳይታናለች። በ1996 እ.ኤ.አ. ግዛቲቱ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉትን ክፍሎች ከ30 አካባቢ ወደ 20 ልጅ ለማውረድ ተነሳች። በየዓመቱ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጣች። በአንዴ ብዙ ሺህ መምህራን መቅጠር ግድ ሆነ። በእነዚህ ክፍሎች ሙሉ ፈቃድ የሌላቸው መምህራን ከ2 በመቶ በታች የነበሩት ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ከ10 በመቶ በላይ ሆኑ። ልምድ ያላቸው መምህራን በሀብታም ሰፈር አዲስ ቦታ ሲከፈት የድሃ ሰፈር ትምህርት ቤቶችን ጥለው ሄዱ። የተገኘው መሻሻል ትንሽ ነበር።

በእስራኤልም የክፍል ብዛት ተጠንቷል። እዚያ አንድ ክፍል ከ40 ተማሪ እንዳይበልጥ የሚል ደንብ ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። መነሻው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የአይሁድ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ የጻፈው ሕግ ነው። 40 ልጅ ካለ አንድ ክፍል፤ 41 ከሆነ ግን ሁለት ክፍል፣ 20 እና 21። ጆሹዋ አንግሪስትና ቪክቶር ላቪ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን፣ 40 ወይም 41 መሆን የአጋጣሚ ነገር ስለሆነ፣ ይህን ደንብ እንደ ዕጣ ተጠቀሙበት። በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ትንሽ ክፍል ውጤት እንደሚያሻሽል አገኙ። ከ20 ዓመት በኋላ ግን ራሳቸው፣ ከሌሎች ጋር ሆነው፣ በአዲስ መረጃ ደግመው ሲያዩት ልዩነቱ አልተገኘም። የራሳቸውን ሥራ እንደገና መርምረው ይህን በይፋ መናገራቸውን አከብራለሁ።

ለእኛ ግን የሚቀርበን የኬንያው ነው። ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። ኬንያ በ2003 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ነፃ ስታደርግ ልጆች ጎረፉ። ክፍሎች ሞሉ። እኛም በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ያየነው ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎቻችን ከ3 ሚሊዮን በታች ከነበሩበት ተነስተው ከ18 ሚሊዮን በላይ ደርሰዋል። ያ ትልቅ ድል ነው። እናቶቻችን ያላገኙትን በር የእኛ ልጆች አግኝተዋል። ክፍሉ የጠበበውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በምዕራብ ኬንያ ኤስተር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓስና ማይክል ክሬመር የተባሉ አጥኚዎች 210 ትምህርት ቤቶችን መረጡ። ከእነዚህ በዕጣ ለወጡት 140ዎቹ፣ አንደኛ ክፍልን የሚያስተምር አንድ ተጨማሪ የኮንትራት መምህር እንዲቀጠር ገንዘብ ተሰጠ። ቀጣሪው የወላጆች ኮሚቴ ነው። ከ80 በላይ የነበረው ክፍል ለሁለት ተከፍሎ ወደ 46 ገደማ ወረደ። ግማሹን ነባሩ የመንግሥት መምህር ያዘ፤ ግማሹን አዲሱ።

ነባሩ መምህር ጋ የቀሩት ልጆች ቁጥራቸው በግማሽ ቢቀንስም ውጤታቸው ያን ያህል አልተሻሻለም። አዲሱ መምህር ጋ የገቡት ግን በግልጽ ተሻሻሉ፤ ያውም ደመወዙ ከነባሩ በጣም ያንሳል። ለምን? አንደኛው ምክንያት ነባሮቹ መምህራን ሌላ ሰው ሲመጣ ክፍል የሚገቡበት ጊዜ መቀነሱ ነው። ሌላው ደግሞ ብዙዎቹ የማስተማር ዘዴያቸውን አልቀየሩም። ለ80 ልጅ ሲያስተምሩ እንደነበረው ለ46ም ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያስጮኻሉ። የተረፈው ጊዜ ለአንድ አንድ ልጅ ካልዋለ የትም አይደርስም።

መምህራንን መውቀሻ እንዳይመስልባችሁ። በአነስተኛ ደመወዝ፣ ቀኑን ሙሉ ጉሮሮ እስኪደርቅ፣ ጠመኔ እየበነነ ቆሞ መዋል ምን እንደሆነ አይቻለሁ። ልጆቹን አንድ በአንድ ማስነበብ ራሱ የሚማሩት ሙያ ነው፤ ማንም ያላሳያቸውን ነገር ክፍሉ ስለቀለለ ብቻ ከየት ያመጡታል? በኬንያም ወላጆች እንዴት እንደሚከታተሉ በሠለጠኑባቸው ትምህርት ቤቶች ውጤቱ የተሻለ ነበር።

ከዚያው ጥናት ሌላ ነገርም ወጣ። በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን ለሁለት የከፈሏቸው በዕጣ ሳይሆን በችሎታቸው ነው። የቀደሙት በአንድ ክፍል፣ የዘገዩት በሌላ። የዘገዩት ይጎዳሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ተጠቀሙ። መምህሩ ልጆቹ ካሉበት ቦታ መጀመር ቻለና ነው።

ሕንድ ውስጥም እንዲሁ። በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች ወደኋላ የቀሩትን የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ልጆች በቀን ለሁለት ሰዓት ያህል የሰፈር ወጣት ሴት እየወሰደች መሠረታዊ ንባብና ቁጥር ታስተምራቸው ነበር። እነዚህ ልጆች በጣም ተሻሻሉ። ክፍል ውስጥ የቀሩት ግን፣ ለዚያን ሰዓት ክፍሉ ቢሳሳላቸውም፣ ምንም ለውጥ አላሳዩም። አሁን የቴነሲውን ረዳት አስታውሱ። እዚያ ረዳቱ መምህሩ የሚሠራውን ሲያግዝ ዋለ። እዚህ ረዳቷ የራሷን ጥቂት ልጆች ይዛ ወጣች። ሁለቱም ረዳት ይባላሉ፤ ሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ የየኔታ ትምህርት ቤት ነው። አያቴ ፊደል የቆጠሩት እዚያ ነው። የኔታ ሠላሳም አርባም ልጅ ሊኖራቸው ይችላል። ነገር ግን ሁሉም አንድ ገጽ ላይ አይደሉም። አንዱ ሀ ሁ ሂ ይላል፤ ሌላው አቡጊዳ ደርሷል፤ ሌላው ዳዊት ይደግማል። ጩኸቱ አንድ አይደለም። ዳዊት የደገመው ልጅ ለታናሹ ፊደል ያስቆጥራል። ልጁ ደግሞ በተራው የኔታ ፊት ቀርቦ፣ በስንደዶ እየጠቆመ፣ ብቻውን ይላል። ያንን ካላለፈ ወደሚቀጥለው አይሄድም። አለንጋውና መሸምደዱ ይቅርብን። ግን ብቻ ለብቻ መሰማቱን ለምን ጣልነው?

ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ «አንድ ለአምስት» የሚባል አደረጃጀት እናውቃለን። ሐሳቡ ከዚህ አይርቅም። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ጎበዙ ይሠራል፤ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። ጎበዙ ልጅ ጓደኞቹን እንዴት እንደሚያስነብብ ማንም አላሳየውም።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በ6 የአገራችን ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ጥናት፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከሦስት ልጅ አንዱ። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ዩኒፎርም ለብሰዋል፤ ስማቸው ሲጠራ «አቤት» ብለዋል።

ስለዚህ ቁጥሩ ይቀነስ ወይስ አይቀነስ? ይቀነስ። 70 ልጅ በያዘ ክፍል ውስጥ የትኛውም ዘዴ ይታነቃል፤ መምህርቷ በዴስኮቹ መሀል ማለፊያ እንኳን የላትም። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ግን፣ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከ1ኛና ከ2ኛ ክፍል ይጀመር። ስምንተኛ ክፍል ላይ 60 ልጅ አንድ ላይ ገለጻ ሊያዳምጥ ይችላል። ሀ ሁ የሚቆጥር ልጅ ግን የሚሰማው ሰው ይፈልጋል። ብዙ ቦታ የምናየው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ታናናሾቹ ይጨናነቃሉ፤ ልምድ ያላቸው መምህራን ደግሞ ወደ ላይኛው ክፍል ይመደባሉ።

ለወላጅ ኮሚቴ ስብሰባ ስትሄዱ «በክፍሉ ስንት ልጅ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥላችሁ «ልጄ ብቻዋን ለመምህሯ ያነበበችው መቼ ነው?» በሉ። እኛም የጠየቅነው ይሄንኑ ነው። መምህርቷ አልተቆጣችም። ስለ ጣቷ ነገር ስንነግራት ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «ከኋላ ያሉት አይሰሙኝም፤ እኔም አልሰማቸውም» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ነገር ጀመረች። በየቀኑ ሌሎቹ ከሰሌዳው ሲገለብጡ አምስት ልጅ ወደ ጠረጴዛዋ ትጠራለች። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ደቂቃ። 70 ልጅ በ14 የትምህርት ቀን ይዳረሳል።

የእኛዋ ተራዋ የደረሳት በዘጠነኛው ቀን ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ «ቲቸር ዛሬ ብቻዬን አስነበበችኝ!» አለች። ማታ መጽሐፏን ይዛ መጣች። በዚህ ጊዜ ገጹን አልጨረሰችውም። ሦስት ቃል ብቻ ነው ያነበበችው፤ ቀስ ብላ፣ «ሊ» ላይ ቆም ብላ አስባ። ጣቷም አፏም አንድ ቦታ ላይ ነበሩ።